የአማልክት ፍጻሜ በብራና ላይ

ስለ ዓለም መጨረሻ ያልተናገሩ ጥንታውያን ሕዝቦች ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ ግን ዓለም ብታልፍም የማያልፍ አምላክ ከበላይ እንደሚኖር ስለሚያምኑ፣ ፍጻሜው በእነርሱ ዘንድ የፍርድ ቀን ነው። በዴንማርክ፣ በስዊድን፣ በኖርዌይና በአይስላንድ ይኖሩ የነበሩት የኖርስ ሕዝቦች ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት የነበራቸው እምነት ከዚህ ይለያል። በእነርሱ ትረካ መሠረት በመጨረሻው ቀን ከሰዎች ጋር አማልክቱም ይሞታሉ፤ የሚሞቱበትን ቀን ምልክትና የሚገጥማቸውንም ጠላት አስቀድመው ያውቃሉ። ይህ ፍጻሜ «ራግናሮክ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «የአማልክት ዕጣ» ማለት ነው።

ትረካው በራሱ የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ለታሪክ ተመራማሪ ከዚህ የበለጠ ከባድ ጉዳይ አለበት። ራግናሮክን በቀለም የጻፉት ሰዎች በነገሩ የሚያምኑ ሰዎች አልነበሩም። ዛሬ በእጅ የሚገኙት ዋና ዋና ጽሑፎች በሙሉ አገሪቱ ከተጠመቀች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በክርስቲያኖች እጅ የተጻፉ ናቸው። እንግዲህ አንድን እምነት የተዉ ሰዎች ስለዚያው እምነት የሰጡት ምስክርነት እስከ ምን ድረስ ይታመናል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ትረካውን፣ ጸሐፊዎቹንና ከብራናው ውጪ ያሉትን ምስክሮች በየተራ መመርመር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትረካው

የፍጻሜው መነሻ የባልደር ሞት ነው። ባልደር የአማልክት አለቃ የኦዲን ልጅ ሲሆን በሁሉም ዘንድ የተወደደ ነበር። እናቱ ፍሪግ በምድር ላይ ያለ ነገር ሁሉ እንዳይጎዳው መሐላ ስታስገባ፣ ገና ለጋ ናት ብላ አንዲት ተቀጽላ ብቻ ሳታስምል ቀረች። ተንኮለኛው ሎኪ ይህን ደርሶበት፣ ዓይነ ስውር የነበረው ሆዱር በዚያች ተቀጽላ ወንድሙን ወርውሮ እንዲገድል አደረገ። አማልክቱም ሎኪን አሳደው ይዘው በዋሻ ውስጥ ከቋጥኝ ጋር አሰሩት።

ከሎኪ ቀደም ብሎ ልጁ ፌንሪር የተባለው ተኩላ ታስሮ ነበር። ብረት አልያዘውም፤ የያዘው ከድመት ኮቴ ድምፅ፣ ከሴት ጢም፣ ከተራራ ሥር፣ ከድብ ጅማት፣ ከዓሣ እስትንፋስና ከወፍ ምራቅ የተሠራ ቀጭን ገመድ ነው። ተኩላው ተንኮል ጠርጥሮ መያዣ በጠየቀ ጊዜ ቲር የተባለው አምላክ እጁን በአፉ ውስጥ አኖረ፤ መታሰሩ እውነት ሆኖ ሲገኝም ቲር እጁን አጣ። ስለዚህ በዚህ ትረካ የአማልክቱ ሰላም የቆመው በእስራትና በፈረሰ ቃል ላይ ነው። የታሰረው አንድ ቀን እንደሚፈታ ሁሉም ያውቃል።

የመጨረሻው ዘመን የሚጀምረው በብርድ ነው። በመካከላቸው በጋ ሳይኖር ሦስት ክረምት ይከታተላል፤ ስሙም «ፊምቡልቬትር»፣ ማለትም ታላቁ ክረምት ነው። በኢትዮጵያ ክረምት ሲባል የዝናብና የዘር ወራት ነው፤ በስካንዲኔቪያ ግን በረዶ ምድርን የሚሸፍንበት፣ ቀኑ አጥሮ ሌሊቱ የሚረዝምበት፣ ሰውም ከብትም በበጋ በተከማቸ ቀለብ ብቻ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ለእንዲህ ያለ አገር ገበሬ ሦስት ክረምት ያለ በጋ ማለት የሞት ፍርድ ነው። ከብርዱ ጋር የሰው ጠባይ ይከፋል፤ ወንድም ወንድሙን ይገድላል፣ የዘመድ ክብር ይፈርሳል፣ የጦር መሣሪያ ዘመን ይሆናል። በአማርኛ «ስምንተኛው ሺህ» ሲባል የሚታሰበው ዓይነት የምግባር መፍረስ እዚህም የፍጻሜው ምልክት ሆኖ ይገኛል።

ከዚያም ተኩላዎች ፀሐይንና ጨረቃን ይውጣሉ፤ ምድር ትናወጣለች፤ እስራት ሁሉ ይበጠሳል። ከሙታን ጥፍር የተሠራችው ናግልፋር የተባለች መርከብ ከወደቧ ትነሣለች። ጥፍሩ ሳይቆረጥ የተቀበረ ሰው ለዚህች መርከብ ማሠሪያ ይሆናል ስለሚባል፣ የሟችን ጥፍር መቁረጥ ፍጻሜውን ማዘግየት ነበር። ምድርን በባሕር ውስጥ የከበባት ታላቁ እባብ ይነሣል፤ ከደቡብም ሱርት የተባለው የእሳት ኃይል ጌታ ይመጣል። የአማልክት ዘበኛ ሄይምዳል ቀንደ መለከቱን ይነፋል።

ውጊያው እንደሚሸነፉበት እያወቁ የሚገቡበት ውጊያ ነው። ኦዲንን ፌንሪር ይውጠዋል፤ ልጁ ቪዳርም ተኩላውን ገድሎ ይበቀልለታል። የነጎድጓድ አምላክ ቶር እባቡን ይገድላል፤ ነገር ግን ዘጠኝ እርምጃ ብቻ ተራምዶ በመርዙ ይወድቃል። ፍሬይ ሰይፉን ለፍቅር ሲል አስቀድሞ ስለ ሰጠ በሱርት እጅ ይሞታል። በመጨረሻም ሱርት ምድርን በእሳት ያቃጥላል፤ ምድርም ወደ ባሕር ትሰጥማለች።

ትረካው ግን በዚህ አይዘጋም። ምድር ለምልማ ዳግመኛ ከባሕር ትወጣለች፤ ሳይዘራ የሚያበቅል እርሻ ይገኛል። ገዳይና ሟች የነበሩት ሆዱርና ባልደር አብረው ይመለሳሉ። ሊፍና ሊፍትራሲር የተባሉ አንድ ሴትና አንድ ወንድ በጫካ ተሸሽገው ጠል እየጠጡ ይተርፉና የሰውን ዘር ያበዛሉ። የተረፉት አማልክትም የቀድሞዎቹ ይጫወቱባቸው የነበሩትን የወርቅ ጠጠሮች በሣር ውስጥ ያገኛሉ።

ጸሐፊዎቹ

አይስላንድ ከ870 ገደማ ጀምሮ በአብዛኛው ከኖርዌይ በመጡ ሰዎች የተያዘች ደሴት ናት። ንጉሥ አልነበራትም፤ ከ930 ገደማ ጀምሮ የምትተዳደረው አልቲንግ በተባለ ጉባኤ ነበር። በ999 ወይም በ1000 በዚህ ጉባኤ ላይ ክርስቲያኖችና የአሮጌው እምነት ተከታዮች ሊለያዩ በደረሱ ጊዜ፣ ራሱ ያልተጠመቀው የሕግ ተናጋሪ ቶርጌይር እንዲፈርድ ተመረጠ። እርሱም ቀንና ሌሊት ካባውን ተከናንቦ ሲያስብ ከቆየ በኋላ፣ ሕግ ከተከፈለ ሰላምም እንደሚከፈል አስረድቶ ሁሉም እንዲጠመቅ ወሰነ። ይሁን እንጂ በስውር መሠዋትና የፈረስ ሥጋ መብላት ለጊዜው አልተከለከለም ነበር። ይህን የመዘገበው አሪ ቶርጊልሶን የተባለ ቄስ ሲሆን፣ የጻፈውም በ1122 እና በ1133 መካከል ነው።

ይህ ሁኔታ ለኋለኛው ጽሑፍ ታላቅ ፋይዳ ነበረው። ለውጡ በጉባኤ ስምምነት የተፈጸመ በመሆኑ የአሮጌው እምነት ግጥሞች ከሰው አፍ ወዲያው አልጠፉም። የአይስላንድ ሊቃውንት ከላቲን ጎን ለጎን በእናት ቋንቋቸው መጻፍ በመጀመራቸውም፣ በቃል የኖረው ነገር በጥጃ ቆዳ ብራና ላይ ሊሰፍር ቻለ።

ከጸሐፊዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ስኖሪ ስቱርሉሶን ነው። በ1179 የተወለደው ስኖሪ ባለ ርስት፣ ፖለቲከኛና ሁለት ጊዜ የአልቲንግ የሕግ ተናጋሪ የነበረ ሰው ነው። በ1220 ገደማ «ኤዳ» የተባለውን መጽሐፍ ያዘጋጀው ለሃይማኖት ሳይሆን ለቅኔ ሲል ነበር። የኖርስ ባለቅኔዎች ነገርን በስሙ አይጠሩም፤ ወርቅን «የሲፍ ጠጉር» ይሉታል። ሲፍ የቶር ሚስት መሆኗን፣ ሎኪ ጠጉሯን ቆርጦ በወርቅ ጠጉር እንደ ተካው የማያውቅ አድማጭ ቅኔውን አይፈታም። ስኖሪም ወጣት ባለቅኔዎች የአባቶቻቸውን ምሥጢር እንዳያጡ ትረካዎቹን በሥርዓት ሰበሰበ፤ ክርስቲያኖች ግን በአማልክቱ እንዳያምኑ አስጠነቀቀ። አማልክቱንም ከእስያ የመጡ ጥበበኛ ሰዎች አድርጎ አቀረባቸው። ስኖሪ በ1241 በኖርዌይ ንጉሥ በሃኮን ትእዛዝ፣ በገዛ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ በአይስላንዳውያን እጅ ተገደለ።

ስኖሪ ከተጠቀመባቸው ምንጮች ዋነኛው «ቮሉስፓ»፣ ማለትም የባለ ራእይቱ ትንቢት የተባለው ግጥም ነው። ይህ ግጥም ሁለት ቀደምት ቅጂዎች አሉት። አንደኛው በ1270 ገደማ የተጻፈውና በኋላ «የንጉሡ መጽሐፍ» የተባለው ብራና ሲሆን፣ ሁለተኛው በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተዘጋጀው የሃውክ መጽሐፍ ነው።

የኋለኛው እጅ

ሁለቱ ቅጂዎች ሲነጻጸሩ አንድ ታላቅ ልዩነት ይታያል። በሃውክ መጽሐፍ ውስጥ ከምድር ዳግም መለምለም በኋላ አንድ ኃያል ገዥ ከላይ ወርዶ እንደሚፈርድ የሚናገር አንጓ አለ፤ በንጉሡ መጽሐፍ ግን ይህ አንጓ አይገኝም። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት አንጓው በክርስቲያን እጅ የተጨመረ እንደ ሆነ ያምናሉ። ስኖሪም ትረካውን ለማስተካከል የራሱን ድርሻ ሳይጨምር አልቀረም። ቲር ጋርም ከተባለው ውሻ፣ ሄይምዳልም ከሎኪ ጋር ተጋድለው አብረው መሞታቸው የሚነገረው በስኖሪ መጽሐፍ ብቻ ነው።

ይህ ዓይነቱ ማስረጃ ሊቃውንቱን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ኖርዌያዊው ሶፉስ ቡገ ከኖርስ አፈ ታሪክ ብዙው ክፍል ከክርስትናና ከግሪክና ሮማ ትምህርት የተወሰደ ነው ሲል ተከራከረ። ዴንማርካዊው አክሰል ኦልሪክ በ1902 እና በ1914 ባሳተማቸው ጥናቶች ትረካውን በየክፍሉ በትኖ የእያንዳንዱን መነሻ ለየብቻ ፈለገ፤ የታሰረውን ጭራቅ ታሪክም ከካውካሰስ ተራሮች ትረካዎች ጋር አነጻጸረ። አይስላንዳዊው ሲጉርዱር ኖርዳል ደግሞ በ1923 ባወጣው የቮሉስፓ እትም፣ ግጥሙ አሮጌው እምነት ሲያልፍ አዲሱም ሲቀርብ ባየ፣ በ1000 ዓመት አካባቢ በኖረ አንድ ባለቅኔ የተደረሰ ነው የሚል አሳብ አቀረበ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው በዘጠነኛው መቶ ዓመት በባቫሪያ የተጻፈው «ሙስፒሊ» የተሰኘ ክርስቲያናዊ ግጥም ነው። በዚህ ግጥም ነቢዩ ኤልያስ ከሐሳዊ መሲሕ ጋር ይዋጋል፤ ደሙ ሲንጠባጠብም ተራሮች ይነዳሉ። ስለ ፍጻሜው እሳት የሚናገረው «ሙስፒሊ» የሚለው ቃል፣ ሱርት ከሚመጣበት ከእሳቱ አገር ከሙስፔል ስም ጋር ዝምድና አለው። ስለዚህ ውርሱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተጓዘ አይመስልም፤ ክርስቲያኖችም ከቀድሞው ቋንቋ ቃል ሳይዋሱ አልቀሩም።

አንድ ተመራማሪ የፍርዱ ዳኛ ይጨመር እንጂ የአማልክቱ ሞት ግን በእርግጥ የጥንት ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል። ይህ ግን በቂ አይደለም። የጣዖታት አማልክት በእሳት መጥፋታቸው ለክርስቲያን ጸሐፊ የሚስማማ ነገር ነው። ጥርጣሬውን ለማስወገድ ከብራናው የሚቀድም ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።

ድንጋይና ቅኔ

የመጀመሪያው ምስክር በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በጎስፎርዝ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር የቆመው መስቀል ነው። ከአንድ ድንጋይ የተጠረበው ይህ መስቀል ቁመቱ አራት ሜትር ከግማሽ ገደማ ሲሆን፣ በአሥረኛው መቶ ዓመት ማለትም ስኖሪ ከመወለዱ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተሠራ ነው። በአንድ ወገኑ ስቅለቱ ተቀርጿል፤ በሌሎቹ ወገኖች ደግሞ የታሰረ ሰውና ጽዋ የያዘች ሴት፣ እንዲሁም የአውሬን መንጋጋ በእጁና በእግሩ የከፈተ ሰው ይታያሉ። የመጀመሪያዎቹ ሎኪና ሚስቱ ሲጊን፣ የኋለኛው ቪዳር እንደ ሆኑ ይታመናል። በማን ደሴት በአንድሪያስ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የቶርዋልድ መስቀልም በአንድ ገጹ ቁራ በትከሻው የተቀመጠና እግሩ በተኩላ አፍ የገባ ሰው፣ በሌላው ገጹ መጽሐፍና መስቀል የያዘ ሰው አለበት።

እነዚህ ድንጋዮች በክርስቲያኖች የተቀረጹ ቢሆኑም፣ ሥዕሉን የሚያይ ሰው ትረካውን ያውቀዋል ተብሎ ታስቦ የተሠሩ ናቸው። በስዊድን የስካርፖኬር ድንጋይ ደግሞ አንድ አባት ለሞተ ልጁ መታሰቢያ በሩን ፊደል ሲያስጽፍ፣ ስለ ምድርና ስለ ሰማይ መሰንጠቅ የሚናገር ስንኝ ጨምሮበታል። የአንድ ልጅ ሞት ሐዘን በዓለም ፍጻሜ ቃል መነገሩ፣ ያ ቃል በተራው ሰው ዘንድ ምን ያህል የታወቀ እንደ ነበር ያመለክታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክርነት ግን የቤተ መንግሥት ባለቅኔዎች ነው። በ954 ገደማ በእንግሊዝ የተገደለውን ንጉሥ ኤሪክን ለማሰብ በተደረሰው ግጥም፣ ኦዲን ጀግናውን ንጉሥ ከድል ለይቶ ወደ አዳራሹ ለምን እንደ ወሰደው ይጠየቃል፤ ምክንያቱም ተኩላው የአማልክቱን መኖሪያ ስለሚመለከት፣ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኤይቪንድ የተባለው ባለቅኔ ለንጉሥ ሃኮን መታሰቢያ በደረሰው ግጥም፣ እንደ እርሱ ያለ ንጉሥ ዳግመኛ ከመነሣቱ በፊት ፌንሪር ተፈትቶ እንደሚለቀቅ ተናግሯል። ሁለቱም ግጥሞች አይስላንድ ከመጠመቋ በፊት የተደረሱ ናቸው። ስለሆነም የተኩላው መፈታትና የአማልክቱ ስጋት የኋለኛ ጸሐፊዎች ፈጠራ ሊሆን አይችልም።

እሳትና በረዶ

ከጽሑፍና ከድንጋይ ሌላ፣ የምድር ታሪክም በዚህ ጉዳይ እንዲመሰክር ተጠርቷል። ስለ አክሱም ንጉሥ ስለ ካሌብ ጭምር የጻፈው ፕሮኮፒዮስ፣ ከ536 ጀምሮ ባለው ዓመት ፀሐይ እንደ ጨረቃ ደብዝዛ እንደ ነበረ መዝግቧል። በ2015 የታተመ የበረዶና የዛፍ ቀለበት ጥናት በ536 እና በ540 ገደማ ታላላቅ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታዎች መድረሳቸውን አሳይቷል፤ አመዱና ጭሱ የፀሐይን ብርሃን ጋርዶ የሰሜኑን አገሮች አቀዝቅዟል። በስካንዲኔቪያ በዚያው ስድስተኛ መቶ ዓመት ብዙ መንደሮች ባዶ ቀርተዋል፤ እርሻም ወደ ጫካ ተመልሷል። ስዊድናዊው የከርሰ ምድር ተመራማሪ ቦ ግሬስሉንድ የታላቁ ክረምት ትረካ የዚህ ዘመን ትዝታ ሊሆን እንደሚችል አስረድቷል።

በአይስላንድ ደግሞ ከ939 እስከ 940 ኤልድጃ የተባለው ስንጥቅ ተከፍቶ ደሴቲቱ ሰዎች ከሰፈሩባት ወዲህ ከታዩት ሁሉ የበለጠ የቀለጠ ድንጋይ አፍስሷል። በ2018 የታተመ ጥናት በቮሉስፓ ውስጥ ያሉት የፀሐይ መጥቆር፣ የእንፋሎትና የነበልባል ሥዕሎች ይህን ፍንዳታ የሚያስታውሱ ሊሆኑ እንደሚችሉ አመልክቷል። በሱርት ስም በሚጠራው በሱርትሸሊር ዋሻ ውስጥም በመርከብ ቅርጽ የተደረደረ የድንጋይ ግንብ፣ የተቃጠለ የእንስሳት አጥንትና ከሩቅ አገር የመጡ ዶቃዎች ተገኝተዋል። ዋሻው የተፈጠረው ሰዎች በደሴቲቱ ከሰፈሩ ጥቂት ቆይቶ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ውስጥ ነው። ሰፋሪዎቹ ከእሳቱ ጌታ ስም ጋር ባያያዙት ሥፍራ መሥዋዕት ማቅረባቸው፣ ሱርት ለእነርሱ የቅኔ ጌጥ ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል።

ይሁንና የእነዚህ ግኝቶች ዋጋ በልክ መታየት አለበት። በ536ቱ ጨለማና በግጥሙ መካከል አራት መቶ ዓመት ያህል አለ። የእሳተ ገሞራ አመድ ፀሐይ ለምን እንደ ጠቆረች ይገልጽ ይሆናል፤ ኦዲን የሚሞትበትን ቀን እያወቀ ጀግኖችን ለምን እንደሚሰበስብ ግን አይገልጽም። ይህን የሚገልጸው ባለቅኔዎቹ የኖሩበት የጦረኞች ሥርዓት ነው። በዚያ ሥርዓት የሰው ክብር የሚመዘነው ባሸነፈው ጦርነት ሳይሆን፣ ማሸነፍ እንደማይችል እያወቀ በጸናበት ቦታ ነው። አማልክቱም ከዚህ ሕግ ውጪ አልተደረጉም።

የብራናው ዕጣ

ትረካውን የያዘው ብራናም ከጥፋት የተረፈው በጠባብ በር ነው። የንጉሡ መጽሐፍ ከተጻፈ በኋላ ለአራት መቶ ዓመት ያህል የት እንደ ነበረ አይታወቅም። በ1643 የስካልሆልት ጳጳስ ብሪንዮልፉር ስቬንሶን እጅ ገባ። ጳጳሱ ያገኘው ብራና 45 ቅጠል ብቻ ነበር፤ ከመካከሉ ስምንት ቅጠል ጎድሎ፣ በእነዚያ ላይ የነበረው ግጥም እስከ ዛሬ አልተገኘም። በ1662 መጽሐፉን ለዴንማርክ ንጉሥ ለፍሬደሪክ ሦስተኛ ገጸ በረከት አድርጎ ላከው፤ ስሙም ከዚህ የመጣ ነው። በ1728 የኮፐንሃገን ቃጠሎ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ሲያወድም፣ ይህ ብራና በንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ስለ ነበረ ተረፈ።

አይስላንድ በ1944 ሪፐብሊክ ከሆነች በኋላ የብራናዎቿ መመለስ የሁለቱ አገሮች ዋና ጉዳይ ሆነ። የዴንማርክ ፓርላማ በ1961 ያወጣውን ሕግ በ1965 ዳግመኛ አጸደቀው፤ ክርክሩም እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰ። ሚያዝያ 21 ቀን 1971 አንዲት የዴንማርክ የባሕር ኃይል መርከብ የንጉሡን መጽሐፍ ይዛ ሬይክያቪክ ወደብ ስትደርስ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላት። የቀሩትን ብራናዎች መመለሱ እስከ 1997 ቀጠለ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ እንዲህ ሊጠቃለል ይችላል። ያላመኑበትን ነገር የጻፉ ሰዎች ምስክርነት ብቻውን አይበቃም፤ የጨመሩትም የለወጡትም አለ። ነገር ግን የጨመሩት በቅጂዎች ንጽጽር ተለይቷል፤ ያስተላለፉት ዋናው ነገርም በድንጋይና ከእነርሱ በፊት በኖሩ ባለቅኔዎች ቃል ጸንቷል። ስኖሪና ስማቸው ያልታወቀ ጓደኞቹ የአባቶቻቸውን አማልክት ሳያመልኩ የአባቶቻቸውን ቃል ጠብቀዋል። ይህን ባያደርጉ ኖሮ ከራግናሮክ የሚቀረው የሁለት መስቀሎች ቅርጽና በድንጋይ ላይ የተጻፈ የአንድ አባት ሐዘን ብቻ በሆነ፤ የሚፈታቸውም ባልተገኘ ነበር። ከብራናው የጎደሉት ስምንት ቅጠሎች የዚህ ማስረጃ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ምን እንደ ተጻፈ በቃል የሚያውቅ ሰው፣ ጳጳሱ መጽሐፉን ባገኘበት ቀን እንኳ አልነበረም።